ሸምበቆ ተጠየቀ

ጥቅምት 4

ለእህቴ ልጅ፣ ለስድስተኛው፤

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ እሱን ካልተረዳህ የቀረው ደብዳቤዬ አይገባህም። በቅርጫት ኳስ አንድ ቡድን ተጫዋቹን በሌላ ቡድን ተጫዋች የሚለውጠው ስለፈለገ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ሲፈቅድለት ነው። ደጋፊው ይጮኻል፣ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ሕጉ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህን፣ ሥራህን፣ የምታድርባትን ክፍል ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን። ለእናትህ የላክኸው የጆሮ መስሚያ ባትሪ ደርሷል፤ ስምንት ነበሩ፣ ስምንቱንም ቆጥሬ ተረክቤያለሁ። ስልክ ግን አሁንም አይሆንላትም። መስሚያው ስልኩ ሲጠጋው ያፏጫል፤ እሷም "ወንድሜ ፊሽካውን ይዞ ጆሮዬ ውስጥ ገባ" እያለች ትስቅብኛለች። እኔም ብሆን ስልክ አልወድም። በስልክ ሰው ይቸኩላል፣ ሲቸኩልም ይዋሻል፤ ወረቀት ላይ ግን ያስባል። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ደብዳቤህን በደህናው ጆሮዋ በኩል አነብላታለሁ። የምትለውንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ከመጨረሻው ላይ አሰፍርልሃለሁ።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። የቡድናችንን ተጫዋች ሸምበቆን በሌላው ቡድን ተጫዋች በመዶሻ ሊለውጡት ነው የሚለው ወሬ አንተም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም። ሸምበቆ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ዐሥራ አንዱን ለቡድናችን ተጫውቷል፤ ግራ ጉልበቱ እንደ ድሮው አይታዘዘውም። መዶሻ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ገና ያልደከመ ትከሻ አለው። ሕጉ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የሚሄደውና የሚመጣው ተጫዋች ደመወዝ መቀራረብ አለበት። ልውውጡ ከመዝጊያው ቀን፣ ከጥር 20 በፊት ማለቅ አለበት። ሁለቱም ሐኪም ፊት ቀርበው ማለፍ አለባቸው። ሦስቱም ይሟላሉ። ስለዚህ ይሂድ ባይ ነኝ። የምወደው ሰው ነው፤ ቢሆንም ይሂድ።

የእናትህ ቃል፦ "ሸምበቆን የነካ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። ወንድሜ ሕግ ሕግ ይላል፤ ሰውየው ጫማውን ሲያስር ግን አይቶት አያውቅም። ልክ እንደ አንተ ነው፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሁለት ጊዜ ያስራል። ልብስ ደርብ።"

አጎትህ


ጥቅምት 25

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሰላምታዬ ለእርስዎ በሙሉ ገጽ፣ ለእማዬ በደህናው ጆሮዋ ይድረስልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

እኔ ደህና ነኝ። እንደሚያውቁት ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የዓሣ ካርቶን ስንደረድር እንውላለን። በየሁለት ሰዓቱ ለሩብ ሰዓት ሞቅ ወዳለው ክፍል ያስገቡናል፤ ጣታችን መታጠፍ ሲጀምር መልሰው ያስወጡናል። ክርክሩ የሚጦፈው እዚያ ነው። ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳው ጢሞ የእርስዎ ወገን ነው። ትናንት ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"ይሄ ሸምበቆ ነው" አለ። "አውራ ጣቱ ተቀዷል፣ ውስጡም ሳስቷል።" ቀጥሎ የእኔን አዲስ ጓንት አነሳ። "ይሄ ደግሞ መዶሻ። ትለውጠኛለህ?"

"ምን አሞኝ?"

"አየህ! ያኛው ቡድን ግን እሺ ብሎልናል። ሳይነቃ ቶሎ ማስፈረም ነው!"

"ጓንትህ እኮ አፍ የለውም" አልኩት። "ሸምበቆ አፍ አለው።"

ጋሼ፣ እርስዎ አራተኛውን ሕግ ዘለዋል። ሲዘሉ አይቼ ስለማላውቅ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአንድ ቡድን ዐሥር ዓመት የተጫወተ ሰው ሳይጠየቅ አይለወጥም። ጠርተው፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጠይቁታል፤ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሸምበቆ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስለዚህ ይጠይቁት።

እርስዎ እንዳስተማሩኝ ጥያቄዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ። አንደኛ፣ አራተኛውን ሕግ ይቀበላሉ? ሁለተኛ፣ የባትሪው ልክ ትክክል ነው? ሦስተኛ፣ እማዬ ታማለች? ድሮ ቃሏ ገጽ ሞልቶ ወደ ጠርዝ ይወጣ ነበር፤ አሁን አራት መስመር ሆነ። የመኖሪያ ፈቃዴ መጋቢት 10 ይደርሳል። ከዚያ በፊት ከአገር ከወጣሁ የቆጠርኩት አምስት ዓመት ከዜሮ ይጀምራል፤ ያንን አውቃለሁ። ታማ ከሆነ ግን ወረቀቱ ገደል ይግባ። ብቻ እኔን ይጠይቁኝ፤ እኔ ልወስን።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 14

ለስድስተኛው፤

ሰላምህ ይብዛ። ቅዝቃዜው ጣቶችህን እንዳይጎዳብህ እንጸልያለን።

በአራተኛው ሕግ ተረትቻለሁ። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ በራሴ ደብዳቤ ግልባጭ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ሃያውን ዓመት የትምህርት ቤቱን ቡድን አሰልጥኜ፣ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ባስቀመጥኩት ልጅ መታረሜ አላሳፈረኝም። ስድስተኛ ያልኩህ ከአምስቱ ተሰላፊዎች ስላነስክ እንዳልነበረ ይኸው አሁንም አሳየኸኝ።

ሁለተኛ፣ የባትሪው ልክ ትክክል ነው። ሆኖም እናትህ ጨዋታ ስታይ መስሚያዋን ታወልቃለች። "አስተያየት ሰጪው ለማንም አይጠቅምም" ትላለች። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዘግተን እናያለን፤ እሷ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፋ፣ እኔ ከእግሯ በኩል። የልብስ ስፌት መኪናዋን ለጊዜው ለጎረቤታችን ለባለ ሱቋ አውሰናታል፤ ቦታው ሰፍቷል።

ሰሞኑን ብርዱ ጠንክሯል። ሐኪም አይቷታል፤ እረፍት አዟል። መጋቢት 10ን ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ በቀይ ከብቤዋለሁ።

የእናትህ ቃል፦ "የጀመርከውን ጨርስ። ይጠይቁት ያልከው ልክ ነው፤ ጎበዝ። ቢሄድ እንኳ ሰባት ቁጥር ማሊያውን ለማንም አይስጡበት። ለትምህርት ቤቱ ልጆች ሰባት ቁጥርን ስንት ጊዜ እንደሰፋሁ፣ ስንት ጊዜስ አጥር ዘለህ እንደቀደድከው አንተ ታውቃለህ።"

አጎትህ


ታኅሣሥ 3

ለጋሼ፤

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይራቅ።

አንድ ተማሪ አንደኛውንና ሁለተኛውን መልሶ ሦስተኛውን በወሬ ቢሸፍነው ምን ይሉት እንደነበር አስታውሳለሁ። "ቁጭ በልና ጨርስ!" ይሉ ነበር። በአክብሮት እኔም ያንኑ እላለሁ። ሐኪሙ ምን አለ? ትራስ የምትደገፈው ከመቼ ጀምሮ ነው? የስፌት መኪናዋን እኮ እኔ እንኳ ስነካው እጄን ትመታኝ ነበር። እንዴት ለሰው አዋሰች?

ስለ ልውውጡ የሰማሁት የሁለቱ ቡድኖች ሥራ አስኪያጆች መገናኘታቸውን ነው። ጢሞ "አለቀ በለው" ይላል። እኔ ግን ገና አልጠየቁትም እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሲያነቡላት መስሚያዋን አድርጋ ትስማ። "ልምጣ ወይ?" ይላል ልጅሽ ይበሉልኝ። የመለሰችውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ልጅዎ


ጥር 4

ለስድስተኛው፤

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስህ። ያሰብከው ይሳካልህ።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ዓይኔን አሞኝ ሰነበትኩ፤ ብዕር መያዝም ከበደኝ።

የመዝጊያው ቀን ዐሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሰንጠረዥ ሠርቼ ነበር፤ ሸምበቆ በዚህ ዓመት በጨዋታ በአማካይ ዐሥራ አንድ ነጥብ፣ መዶሻ ሃያ ሁለት። ቁጥሩ የሚለው ግልጽ ነው። የሐኪሙ ምርመራ ብቻ ያሰጋኛል፤ የሸምበቆ ጉልበት ምርመራውን ካላለፈ ልውውጡ ይፈርሳል።

ከእንግዲህ ባትሪ አትላክ፤ ያለው ይበቃል። አንተ ስለ መጋቢት 10 ብቻ አስብ። መሥሪያ ቤቱ የጠየቀህን ማስረጃ በፖስታ አሽገህ፣ ቁጥር ሰጥተህ አስቀምጥ።

የእናትህ ቃል፦ "ደህና ነኝ። ወረቀትህን ጨርስ። ሸምበቆንም ሕጉ ከፈቀደ ይለውጡት። የደከመ ሰው ጉልበት ላለው ቦታ ቢለቅ ነውር የለውም።"

አጎትህ


ጥር 22

ጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ።

መጀመሪያ ዜናውን ልንገርዎት። በመዝጊያው ዋዜማ ሸምበቆን ቢሮ ጠርተው ጠየቁት። አንድ ሰዓት አሰበ ይላሉ። ከዚያ "አልሄድም" አለ። አልሄደም። በቃ፣ ልውውጡ ቀረ። ማረፊያው ክፍል ውስጥ ስንሰማ ጢሞ ተናዶ ጠረጴዛውን ይደበድባል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተቀደደ ጓንቱን አጥልቆ "ከጠየቁትማ..." ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልምጣ። ለሰባት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ቅዝቃዜው ቀለሙን አፍዝዞታል፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ግን ይነበባሉ። "የደከመ ሰው ጉልበት ላለው ቦታ ቢለቅ ነውር የለውም።" ጋሼ፣ ይህን ማን አለ?

እማዬ "ሕጉ ከፈቀደ" ብላ አታውቅም። ሕግን የምትጠቅሰው በእርስዎ ለማሾፍ ነው። ሸምበቆን ሕግም ሆነ ዳኛ ቢፈርድበት አትለውጠውም። በጥቅምት "ጠቡ ከእኔ ጋር ነው" ያለች ሴት በጥር እንዲህ አትልም። ደግሞስ "ልብስ ደርብ" የት ሄደ? ሰባት ቁጥርስ? ይህ ዓረፍተ ነገር የእርስዎ ነው። ሰንጠረዡን የሠራው ሰው ዓረፍተ ነገር ነው።

ለባለ ሱቋ ስልክ ደወልኩ። "እማዬ ቤት ናት?" አልኳት። "መስመሩ አይሰማም፣ ጋሼ ይጽፍልሃል" ብላ ዘጋችው። መስመሩ ይሰማ ነበር። ስትተነፍስ ሰምቻታለሁ።

በወረቀት ላይ ሰው ያስባል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ይጻፉልኝ። እናቴ የት ናት?


የካቲት 9

ልጄ፤

ምርቃት ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም። ፈጣሪ ያጽናህ ከማለት ልጀምር።

እናትህ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እዚሁ ሶፋዋ ላይ አረፈች። በሽታው ሳንባዋ ላይ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ እሷም እኔም እናውቅ ነበር። ስለዚህ በጥቅምት 4 "ደህና ነን" ያልኩህ ውሸት ነው። በኅዳር 14 "እረፍት አዟል" ያልኩህ ግማሽ ውሸት ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው ሌላ የሚያዘው ስላጣ ነበር። በጥር 4 ዓይኔን አሞኝ ያልኩህ ውሸት ነው። በዚያው ደብዳቤ ላይ የሰፈረው ቃሏም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእኔ ነው። የቀሩት ሁለቱ ቃሎቿ የራሷ ናቸው፤ በእነዚያ ላይ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

እንዳትነግረው ብላ ያስማለችኝ እሷ ናት። አምስት ዓመት ዓሣ ተሸክሞ፣ ጥቂት ወር ሲቀረው በእኔ ምክንያት ከዜሮ አይጀምርም አለች። እኔም ቀኑን ቆጠርኩ፤ ሕጉን አነበብኩ፤ ልክ ናት አልኩ። ማልኩላት። ከሞተች በኋላም መሐላው ያስረኛል ብዬ ያዝኩት።

ተማሪ የሌላውን ድርሰት ገልብጦ ሲያመጣ የምይዘው ስህተቱን አይቼ አልነበረም፤ ድምፁ የእሱ ስለማይሆን ነበር። አንተም የያዝከኝ በዚያው ነው። ለእሷ ቃል ስፈልግ ያገኘሁት የራሴን ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀን ያደረገችውን ልንገርህ። ከምሳ በኋላ መስሚያዋን አወለቀች። "ባትሪውን አውጣው፣ ሳያልቅ ለነገ ይቆይ" አለችኝ። አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ያልኳትን ምንም አልሰማችም። የትናንቱን ጨዋታ ድምፁን ዘግተን እያየን ነበር። ሸምበቆ ቅጣት ምት ሊጥል ጫማውን ሲያስር በጣቷ አሳየችኝ። ዘወር ስል ጣቷ ወርዷል።

አጎትህ


የካቲት 24

ጋሼ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በማረፊያው ሩብ ሰዓት አነበብኩት። ሰዓቱ ሲያልቅ አልተነሳሁም። ጢሞ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ፤ የእኔን ካርቶን እሱ ሲደረድር ዋለ።

ሁሉንም ነገር በሥርዓቱ አድርጋችኋል። ቀኑ ተቆጥሯል። ሐኪሙ አይቷል። የሚሰጡትና የሚቀበሉት ተመዝኗል። እናቴን በወረቀት ለወጣችሁብኝ። አራተኛው ሕግ ብቻ ቀረ። ሸምበቆን፣ አንድ ኳስ የሚወረውር ሰውዬ፣ ጠርተው አስቀምጠው ጠየቁት። እኔን አልጠየቃችሁኝም። ጠይቁኝ ብዬ በጥቅምት ጽፌ ነበር። ገጹ እርስዎ ዘንድ ነው፤ አውጥተው ይዩት።

በጥር ልልከው ገዝቼው የነበረው ባትሪ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። እጄን ባስገባሁ ቁጥር አገኘዋለሁ።

መጋቢት 10 መሥሪያ ቤቱ ቀጥሮኛል። በዚያ ቀን ያልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል። እሄድ እንደሆነ አላውቅም። ብሄድ የእሷን ዋጋ የምቀበል ይመስለኛል። ብቀር ደግሞ በከንቱ ሞተች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀል እርስዎ በሰንጠረዥ ያውጡልኝ።

ስድስተኛው አይበሉኝ።


መጋቢት 5

ልጄ፤

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ይህኛው አንተ ዘንድ ሲደርስ መጋቢት 10 አልፏል። ባለ ሱቋ ዘንድ ሄጄ ስልክ አስደወልኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ይዤው ጠበቅሁ። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አላነሳህም። ባለ ሱቋ የስፌት መኪናውን ዛሬ መልሳልናለች፤ በቦታው አስቀምጠነዋል።

ሰንጠረዥ አልሠራም። የጥቅምቱን ገጽ ግን አውጥቼ አየሁት። "እኔን ይጠይቁኝ" የሚለው ከታች በአራተኛው መስመር ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በእርሳስ አስምሬበት ነበር። አላየሁትም ማለት አልችልም።

በየካቲት 9 ደብዳቤዬ ያልጻፍኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። እንዳያምህ ብዬ ነው የተውኩት፤ አሁን ሳስበው እኔን እንዳያመኝ ነበር። የታኅሣሥ ደብዳቤህ የደረሰው ከማረፏ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። መስሚያዋን አድርጌላት አነበብኩላት። "ልምጣ ወይ?" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። የመለሰችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ ብለህ ነበር። ይኸው።

የእናትህ ቃል፦ "ይምጣ።"

እኔ ብዕሩን ይዤ ነበር። ቆይታ "አይ፣ ተወው፣ አትጻፈው፣ ወረቀቱን ይጨርስ" አለች። የኋለኛውን ወሰድኩ፤ ከእኔ ሐሳብ ጋር የሚስማማው እሱ ስለነበረ። የመጀመሪያውን ቃል ያፈንኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም። ጥፋቱን የምታስቀምጥበትን ቦታ እንድታውቅ ነው የምነግርህ።

ዛሬ ሸምበቆ ይጫወታል። ድምፁን ዘግቼ፣ ከእግሯ በኩል፣ በድሮው ቦታዬ ተቀምጫለሁ። ሶፋው ላይ አልወጣሁም። መሳቢያው ውስጥ ሦስት ባትሪ ቀርቷል፤ ለማን እንደማስቀምጠው አላውቅም።

በጥቅምት ልጠይቅህ ይገባኝ የነበረውን አሁን እጠይቅሃለሁ፤ መዘግየቴን አውቃለሁ። መጋቢት 10 ሄድክ ወይስ ቀረህ? ትመጣለህ ወይስ እዚያው ትቆያለህ? የእኔን ደብዳቤ ከእንግዲህ ትፈልገዋለህ ወይስ አትፈልገውም? የትኛውንም ብትል እቀበላለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አልነካውም። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ እምቢታም ቢሆን። ብቻ በራስህ እጅ ጻፈው፣ ቶሎም መልስልኝ።

አጎትህ